የጓሮዋ ዛፍ፦ ጌሾ በምሥራቅ ጎጃም

ስለ ምሥራቅ ጎጃም ዛፎች የሚጻፈው ሁሉ ብዙውን ጊዜ በሁለት ነገር ያልቃል። አንደኛው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ሞጣ ጊዮርጊስ እየተባለ፣ በጤፍ ማሳ መካከል ጥዱና ወይራው ከሩቅ የሚታይበት የደብር ግቢ ይነሣል። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አገሪቱ ገብቶ፣ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ ደጋው ገበሬ ማሳ ጠርዝ ድረስ የደረሰው እንግዳ። ከእነዚህ ከሁለቱ ውጭ ያለው አገር የተመነጠረ ነው፤ ገበሬውም እህል እንጂ ዛፍ አያውቅም ይባላል። ይህ አባባል ግማሽ እውነት አለው፤ ከየጁቤ እስከ ብቸና፣ ከብቸናም እስከ ሞጣ ያለው ሜዳ ለማረሻ የተገዛ አገር መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ዛፍ ማሳደግ ማለት ደን መጠበቅ ወይም ግንድ መሸጥ ብቻ ነው ካላልን በቀር፣ በዚህ አገር ሦስተኛ ባህል ነበረ፤ አሁንም አለ። ቦታው ጓሮ ነው፤ ባለቤቷ የቤት እመቤት ናት፤ ዛፉም ጌሾ ነው። ይህ ባህል ከታሪክ መጽሐፍ የቀረው ትንሽ ስለሆነ ሳይሆን መዝጋቢዎቹ ወደ ጓሮ ስለማይዞሩ ነው።

ጌሾን ብዙ ሰው የሚያውቀው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በገበያ ተሰፍሮ ነው፤ ስለዚህ ዛፍ መሆኑ ይረሳል። በዱር ለብቻው ቢተው ከሰው ቁመት ሦስት እጥፍ ሊያድግ የሚችል፣ ክረምት ከበጋ የማይረግፍ፣ ቅጠሉ ዘይት እንደተቀባ የሚያብረቀርቅ ተክል ነው። ፍሬው ትንሽ ናት፤ መጀመሪያ ትቀላለች፣ ስትበስል ትጠቁራለች። በጓሮ ግን ያን ቁመት አይደርስም። እጅ የሚደርስበት ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም እጅ ስለማይለየው ነው። ችግኙ ዝናቡ ሲጠና፣ በሐምሌ ገደማ፣ ከአሮጌው ተክል ሥር ከወደቀ ፍሬ በቅሎ ከተገኘም ተነቅሎ፣ ከቤቱ ጀርባ ወይም ከአጥሩ ጥግ ይተከላል። ውኃ የሚተኛበት ቦታ አይስማማውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቅጠሉ እስኪነካ ድረስ አንድ ሁለት ዓመት ይታገሡታል። ከዚያ በኋላ የዓመቱ ሥራ ይጀምራል። ክረምቱ ያወጣውን ለምለም ቅጠል ከመስከረም ጀምሮ መልቀም፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማድረቅ፤ የረዘመውን ቅርንጫፍ መግረዝ፣ ወፍራሙን እንጨት ለጠጅ መለየት፤ በበጋው ወራት ከቤት የተረፈውን ውኃ፣ አመዱንና ፍጉን ከሥሩ ማፍሰስ፤ ለፋሲካው ድግስ ደግሞ ቅጠሉን መሰብሰብ፣ ነገር ግን ድርቁ ሳያልቅ ተክሉን እርቃኑን አለማስቀረት። የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚያረጅ፣ የትኛው ቢቆረጥ በአራት እንደሚያቆጠቁጥ፣ ስንት ቅጠል ቢቀርለት እስከ ሰኔ እንደሚዘልቅ የምታውቀው የሠራችው ናት። አንድ ተክል በዚህ አያያዝ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ ከአማት ወደ ምራት ይተላለፋል።

ይህን አያያዝ ከጃፓኖች ቦንሳይ አጠገብ ማስቀመጥ ለአንዳንዱ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ቦንሳይ ማለት ተራራ ላይ ግዙፍ ሊሆን የሚችልን ዛፍ በሸክላ ሳሕን ውስጥ፣ በመከርከምና ሥሩን በመቆጣጠር አሳንሶ ለትውልዶች ማኖር ነው። በዋሽንግተን የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፀዋት ማእከል ውስጥ የሚገኝ አንድ የጃፓን ነጭ ጥድ እ.ኤ.አ. ከ1625 ጀምሮ፣ ማለትም በእኛ አገር አፄ ሱስንዮስ በነገሡበት ዘመን፣ በእጅ ሲከረከም የኖረ ነው። የሄሮሺማን ቦምብ ተርፎ፣ ባለቤቶቹ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1976 በስጦታ የሰጡት ነው። ተቃውሞው ግልጽ ነው፤ ያ ጥበብ ነው፣ ይህ ግን ቅመም ነው። አንዱ ለዓይን ይከረከማል፣ ሌላው ለጋን። ልዩነቱን አልክድም፤ የብቸና ሴት የጌሾዋን ቅርጽ ለማየት ወንበር አውጥታ አትቀመጥም። ግን ተቃውሞው የሚለየው የሥራውን ዓላማ እንጂ የሥራውን ዕውቀት አይደለም። ሁለቱም የሚቆሙት በአንድ ዓይነት ትዕግሥት ላይ ነው፤ ተክሉ ሳይሞት ምን ያህል ሊወሰድበት እንደሚችል በየወቅቱ ማወቅ። በርበሬ በየዓመቱ ተዘርቶ ይነቀላል፤ ጤፍም እንዲሁ። ጌሾ ግን ባለቤቲቱ በየዓመቱ የምታርመው፣ የምታሳጥረው፣ የምታሳርፈው ሕያው ንብረት ነው። ቅመም ስለሆነ ከዛፍ ባህል ይውጣ ካልን፣ የወይን ተክልንም ከግሪክና ከኢጣሊያ የተክል ታሪክ ማውጣት ሊኖርብን ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ከተሠራበት ለምን አልተጻፈም? እዚህ ላይ የሰነዶቹን ጠባይ ማየት ይጠቅማል፤ የጎጃም ታሪክ ሰነድ የሌለው አይደለምና። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ያቋቋመችው ሞጣ ጊዮርጊስ ስለ መሬት ይዞታ፣ ስለ ሽያጭና ስለ ውርስ ብዙ መዝገብ ትቶልናል። እንደ ዶናልድ ክራሚ ያሉ የታሪክ ሰዎች ስለ ክርስቲያናዊው መንግሥት መሬትና ማኅበረሰብ ሲጽፉ፣ ሀብታሙ መንግሥቴም ስለ ምሥራቅ ጎጃም ጌታ፣ ዜጋና ገበሬ ሲያጠና፣ እንዲህ ያሉ መዛግብት ዋና ምንጫቸው ሆነዋል። መዝገቦቹ የሚያወሩት ግን ስለሚከራከሩበት ነገር ነው፤ ስለ ርስት፣ ስለ ጉልት፣ ስለ አገልግሎት። ከእርሻው የሚወጣው አሥራት ደግሞ ከእህል የሚገመት ነበር፤ ገማቹ የሚቆመው ማሳና አውድማ ላይ ነው። ከእልፍኙ ጀርባ ያለ ቁጥቋጦ ወደ አውድማ አይወርድም። የባሶን ገበያም እንመልከት። ዛሬ የጁቤ ያለችበት የባሶ አገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ ያለውን አገር ከሰሜኑ ጋር የሚያገናኝ የጎጃም ታላቅ ገበያ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም የቆየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለዚህ ገበያ ንግድ በደብዳቤዎቹ ጽፏል። ዓይኑ የወደቀው ግን ሩቅ በሚሄደው ላይ ነው፤ በአሞሌው፣ በቡናው፣ በወርቁ፣ በዝሆን ጥርሱ፣ በባሪያ ንግዱም። ይህ የቢክ ጉድለት አይደለም፤ የንግድ መንገድ የሚያጠና ሰው ድንበር የማይሻገር ቅጠል ምን ያደርግለታል?

በአውሮፓ የጌሾ እኩያ የሆነው ሆፕስ ዕጣው ሌላ ነበር፤ ማነጻጸሩ ነገሩን ያበራዋል። ሆፕስ ለቢራ መዋሉ በጽሑፍ የሚታየው እ.ኤ.አ. በ822 ሲሆን፣ ምንጩ የፈረንሳዩ የኮርቢ ገዳም አበምኔት አዳልሃርድ ለገዳሙ ያወጣው ሥርዓት ነው። ከዚያ በኋላ ሆፕስ የወንድ መነኮሳት ጠማቂዎች፣ ቀጥሎ የከተማ ማኅበራት፣ በመጨረሻም የነጋዴዎች ሆነ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዝ ቀረጥ ጣለችበት፤ ቀረጥ ሲመጣ ደግሞ ስንት ጋሻ መሬት እንደተተከለ፣ ስንት ጆንያ እንደተሸጠ መቁጠር ግድ ሆነ። ጌሾ ግን በጎጃም ከእናት ወደ ልጅ የሚሄድ ሥራ ሆኖ ቀረ። በመልኩ ትሑት ስለሆነ አይደለም። መራራነቱ የሚመጣበትን ንጥረ ነገር የኢትዮጵያ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከቅጠሉ ለይተው ጌሾይዲን ብለውታል፤ ለፋብሪካ ቢራ የሆፕስ ምትክ ይሆን እንደሆነም ተጠንቷል። ያለ ጌሾ ጠላው ጠላ አይሆንም፤ ቅጠሉ ተወቅጦ በውኃ ካልተጠነሰሰ፣ ብቅሉና እንኩሮው ቢጨመር የሚወጣው ሌላ ነገር ነው። በአንድ ደብር አካባቢ የሚደረገው ማኅበር፣ ሰንበቴ፣ ሠርግ፣ ተዝካርና ደቦ ሁሉ በዚህ ቅጠል ላይ የቆመ ነበር። ጠላ ደግሞ በጾምም ይጠጣልና ጋኑ ሥራ የሚፈታበት ወቅት አልነበረም። ጌሾዋ ያለቀባት ሴት ከጎረቤት ትለምናለች፣ ወይም ከገበያ ትገዛለች፤ ሁለቱም ለስሟ አይመቹም ነበር።

ዝምታው ከሰዎቹም በኩል ምክንያት ነበረው። በኅዳር 1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ፣ ከሁሉም ይልቅ የጠነከረው ተቃውሞ በጎጃም ነበር፤ ሞጣና ብቸናም ከዋናዎቹ የዐመፅ ቦታዎች ተቆጠሩ። መንግሥት ወታደርና አውሮፕላን ልኮም ነገሩ አልበርድ ቢለው አገረ ገዥውን አነሣ፤ ውዝፉንም ግብር ሰረዘ። የዐመፁ ምክንያት ብዙ ነው፤ የገማቾች ጉቦ፣ የገዥው በደል፣ የመሣሪያ ምዝገባ ፍርሃት። ከሁሉ በታች ያለው ግን የቆየ እምነት ነው፤ ዛሬ የተለካ መሬት ነገ የሚወሰድ መሬት ነው። ልኬታን እንዲህ የሚፈራ አገር ጓሮውን ለማንም አያስቆጥርም። ስለዚህ ሰነድ ጠፍቷልና ባህሉ አልነበረም የሚል ክርክር፣ ሰነድ እንዴት እንደሚፈጠር የዘነጋ ነው። የተቆጠረው በግብር የታሰበው ነው፤ ጌሾ ደግሞ ከቆጠራው ማምለጡ አንዱ ጥቅሙ ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የርስት ጉዳይ ነው። የአሜሪካው አንትሮፖሎጂስት አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናቱ በጎጃም ደጋ ዳሞት ርስት እንዴት እንደሚሠራ አሳይቷል፤ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ከአቅኚው አባት የሚወርድ ሁሉ ድርሻ ይጠይቃል፣ ስለዚህ አንድ ማሳ ላይ ተከራካሪ አይጠፋም። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ የደን ባለሙያ፣ ነገ የሌላ ሊሆን በሚችል መሬት ላይ ዛፍ የሚተክል ሞኝ የለም፣ ስለዚህም የርስት ሥርዓት የጎጃምን ሜዳ ራቁቱን አስቀረው ይላል። ለእርሻው ማሳ ይህ አሳማኝ ነው። ለጓሮው ግን አይሠራም። ማሳ በክርክር ይከፈላል፤ ቤትና አጥር ያለበት፣ ጭስ የሚወጣበት ቦታ ግን ሰው እያለበት በቀላሉ አይከፈልም። እንዲያውም የርስት ክርክር የዛፍን ፍላጎት አላጠፋውም፤ ወደ አጥር ውስጥ አስገባው እንጂ። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ሌላው የጠጅ መራሪ፣ ጸዶ ነው። ጸዶ የጌሾ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በሰሜን አገር ቅርፊቱና ሥሩ ለጠጅ ይውል እንደነበረ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦች ጽፈዋል። ሥሩ የሚቆፈርና ቅርፊቱ የሚላጥ ዛፍ ግን በጫካ የሚገኝ፣ ከጫካም ጋር የሚጠፋ ነው። ሜዳው በተመነጠረበት አገር ሊቆይ የሚችለው ቅጠሉን ሰጥቶ ነገም ቅጠል የሚያበቅለው ነው። ጌሾ ከጠፋው ደን የተረፈ ቅሪት አይደለም፤ ደኑ ሲጠፋ ሆን ተብሎ ወደ ቤት የተወሰደ ነው።

ሴቶች ብቻ ናቸው ወይ የሚልም ይኖራል። የዘጌን ስም መጥቀሱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። በጣና ባሕረ ገብ መሬት ላይ ያለው ዘጌ በማረሻ አይታረስም፤ በአካባቢው ትውፊት መሠረት ጻድቁ አባ በትረ ማርያም ማረስን ከልክለው፣ በበትራቸው አማካይነት ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ለሰዎቹ መተዳደሪያ እንዲሆኑ አስገኙ። እዚያ ጌሾ የገዳምና የወንዶችም ሥራ ነው፣ የሚሸጥም ነው፤ በትግራይም እንዲሁ ለገበያ በሰፊው ይመረታል። ነገሩ ግን ክርክሬን የሚያፈርስ ሳይሆን የሚለይ ነው። ጌሾ ብቸኛ መተዳደሪያ በሆነበት፣ በሬና ማረሻ በሌለበት ቦታ ተረክ አገኘ፣ ጻድቅም አገኘ። በየጁቤና በብቸና ግን ማረሻው የወንዱ ነበር፣ ክብሩም ታሪኩም በማረሻው ዙሪያ ተጻፈ፤ ጓሮው ግን የሚጠበቅበትን እየሰጠ ስም ሳይወጣለት ቆየ። ስለ ጠጅና ስለ ጠላ የሚነገረውም በዚያው መንገድ የተከፋፈለ ነው። ጠጅ የጌቶች መጠጥ ስለነበረ በቤተ መንግሥት ሥርዓት፣ በግብር ማብላት፣ በማር ግብር ውስጥ ደጋግሞ ይታያል፤ ጠላ የገበሬው ስለሆነ የሚነሣው ሲጎድል ብቻ ነው። የሁለቱም መራራ የሚወጣው ግን ከአንድ ተክል ነው፤ ከቅጠሉ ለጠላ፣ ከእንጨቱ ለጠጅ። አንድ የጎጃም መኮንን የዐሥር ጋን ጠጅ ግብር ሲያበላ፣ ያ እንጨት ከአንድ ሴት ጓሮ ተገርዞ እንደመጣ የሚያስታውሰው ማን ነበር?

የቅርቡ ዘመን ጉዳይ በአጭሩ ይነገራል፤ በብዙ ተጽፏልና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፤ ርስት ቀረ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል መሬት ዳግም ሲደለደል ምሥራቅ ጎጃም በብርቱ ተነካ፤ በቀድሞው ሥርዓት ሹመት ነበራቸው ተብለው ቢሮክራት የተባሉት ገበሬዎች ይዞታቸው እስከ አንድ ሄክታር ድረስ ተቀነሰ። በዚህ ሁሉ መካከል ባሕር ዛፍ እየበዛ መጣ፤ ምክንያቱም ሳያርሱት ይቆማል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ገንዘብም ያወጣል። በጎረቤት አዊ ዞን ደግሞ ዲከረንስ የሚባለው የአውስትራሊያ ግራር በአራትና በአምስት ዓመት ለከሰል እየተቆረጠ መሬቱ ተመልሶ የሚታረስበት አዲስ ሥርዓት ተፈጠረ። ገበሬው ዛፍ አያውቅም ይሉ የነበሩ ሰዎች አሁን ዛፍ አበዛ እያሉ መቆጨት ጀምረዋል፤ ሁለቱንም ቅሬታ አንድ ሰው ሲያሰማ ማየት ያስቃል። የእነዚህ ዛፎች ፈጣን መስፋፋት ግን ከባዶ የመጣ አይደለም። የሚቆረጥ ዛፍ እንዴት እንደሚያቆጠቁጥ፣ ምን ያህል ሲተውለት እንደሚያገግም፣ የትኛው ወር ለመቁረጥ እንደሚመች በየቤቱ የሚታወቅበት አገር ነበር። ባሕር ዛፍ ሲመጣ ከጉቶው እንዲያቆጠቁጥ የመቁረጥን ሐሳብ ያስተማረው ግብርና ሚኒስቴር ብቻ አይመስለኝም።

ጌሾም ራሱ እየተቸገረ ነው። የፋብሪካ ቢራ በየገጠር ከተማው ገብቷል፤ ጠላ የሚጠመቀው ለድግስ ብቻ በሆነበት ቤት አንድ ሁለት እግር ጌሾ ይበቃል። በየከተማው ጠላ ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያስተምሩ ሴቶች ደግሞ ጓሮ የላቸውም፤ ቅጠሉን ይገዛሉ። ጓሮ ባለበትም ቦታው ለባሕር ዛፍ ወይም ለቤት ኪራይ ይፈለጋል። ያም ሆኖ አንድ ያልተጠበቀ ነገር ተከሥቷል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በጎዛምንና በደሴ ዙሪያ በሙከራ ተጀምሮ በክልሉ የተስፋፋው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ፣ ገበሬው አረንጓዴ ደብተር የሚለው፣ የባልንና የሚስትን ስምና ፎቶ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የሞጣ መዝገቦች ከተጻፉ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በኋላ ጓሮው ከማሳው ጋር በአንድ ደብተር ገባ፤ የጓሮዋ ባለቤትም ስሟ ተጻፈ። ደብተሩ ስፋቱን ይናገራል፣ አዋሳኙን ይናገራል። ከአጥሩ ጥግ ስንት እግር ጌሾ እንዳለ ግን አሁንም አይጠይቅም፤ ባለቤቲቱም እንዲጠየቅ የምትሻ አይመስልም።